አንድ ክንዱ የወፈረ ሰው

አክስቴ የምትሠራው በአውቶቡስ መናኸሪያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ከትኬት መስኮቶቹ ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ስለሆነ፣ እየተጣደፈ ከሚገባው ሰው ግማሹ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። አክስቴም ቀና ሳትል "ቀጥሎ ያለው በር!" ትላለች። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ይደርሳሉ። ጃንጥላ፣ መነጽር፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የሕፃን ጡጦ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከነሽፋኑ የተተወ ክራር፣ የቤት ሚዛን። "ሰው የማይረሳው ሰውን ብቻ ነው" ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እሱንም ቢሆን" ብላ፣ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣላቸውን አማቱን ትቶ ወርዶ ቤቱ ስለገባው ሰውዬ ታወራለች። ሰውዬው ሲመለስ አማትየው ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁት፣ አክስቴ "በምን ምልክት ነው የእርስዎ መሆናቸውን የማውቀው?" አለችው ይባላል። ይሄን እኔ አልደረስኩበትም።

የቀረውን ግን ደርሼበታለሁ። ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረስኩ በእሷ አማላጅነት ከጎኗ ባለው የሻንጣ ማስቀመጫ ተቀጠርኩ። የሚለየን የጣውላ ግድግዳ ከትከሻ አያልፍም፤ ስቆም እሷንም ደንበኞቿንም አያለሁ፣ ስቀመጥ ድምፃቸውን እሰማለሁ።

ተሸካሚዎቹ "እትዬ እንቆቅልሽ" ነው የሚሏት። ጠዋት በበሩ ስትገባ አንዱ ከሻንጣ ክምር ላይ ሆኖ "እንቆቅልሽ!" ብሎ ይጮሃል።

"ምን አውቅልህ!" ትለዋለች። "ይልቅ ዕቃ ተሸከም፣ ወገብህ ዛሬም እንደ ትናንት ሰነፍ ነው።"

ስሙን ያወጣላት ከበሯ አጠገብ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው። የተገኘ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይለጠፋል። ሌላ ቦታ ቢሆን "ጥቁር ጃንጥላ ተገኝቷል" ተብሎ ይጻፋል። አክስቴ የዕቃውን ስም አትጽፍም። የምትጽፈው እንዲህ ነው፦

"ዝናብ ሲመጣ በአንድ እግሩ ይቆማል። ከጎድን አጥንቶቹ አንዱ ተሰብሮ በሰማያዊ ክር ታስሯል። ቋጠሮውን ያሰረው ሰው ግራኝ ነው።"

ወይም ደግሞ፦ "ተጣጥፎ ይተኛል። ሲነቃ የሰው ጆሮ ይይዛል። የቀኝ እግሩን ጫፍ ባለቤቱ ሲጨነቅ ያኝከዋል።"

ስለ ጥርሱ የጻፈችው ደግሞ ይሄ ነው፦ "ቀኑን ሙሉ ይስቃል። ባለቤቱ ግን ይህን ሰሞን አፉን ሸፍኖ የሚስቅ ይመስለናል።"

ይህን የምታደርገው ለቀልድ አይደለም። ሥራውን ስትጀምር እንደ ሰው ሁሉ ነበር የምትጽፈው። አንድ ቀን "ጥቁር የሴት ቦርሳ" ብላ ለጠፈች። ቀድማ የመጣችው ሴት "የኔ ነው" ብላ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ አክስቴም እንባዋን አይታ ሰጠቻት። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሴት መጣች። ይቺኛዋ አላለቀሰችም። "ውስጠኛው ኪስ ውስጥ የልጄ የመጀመሪያ የወለቀ ጥርስ በወረቀት ተጠቅልሎ አለ" ብቻ ነው ያለችው። ቦርሳው ግን ሄዷል።

"ስም ለሁሉም ይበቃል" አለችኝ አክስቴ ይህን ስታጫውተኝ። "ቦርሳ ብለሽ ስትጽፊ፣ ቦርሳ ያማረው ሁሉ ይመጣል። ዕቃውን ራሱን ስትጽፊ ግን የሚደነግጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።" ከዚያ ቀን ወዲህ ሕጓ ሁለት ነው። ስም አይጻፍም። ባለቤት ነኝ ያለ ሰውም ዕቃውን ሳያይ፣ ምልክቱን አስቀድሞ ይናገራል።

ሰሌዳውን የሚያነቡት ግን ዕቃ የጠፋባቸው ብቻ አይደሉም። አውቶቡስ የዘገየበት ሁሉ እዚያ ይቆማል። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ የመነጽሩን ወረቀት አንብባ የራሷን መነጽር አውልቃ እግሩን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረ። "ውይ! እኔም እበላዋለሁ ለካ!" ብላ ከጎኗ ላለው ለማታውቀው ሰው አሳየችው። ሰውየውም የራሱን አወጣ። ሁለቱም ምንም አልጠፋባቸውም ነበር።

እኔ ማታ ማታ ልብ ወለድ አነባለሁ። ብዙው "ቆንጆ ነበረች" ይለኛል፣ "በጣም አዘነ" ይለኛል፤ ከአውቶቡስ መስኮት የሱቅ ስም አንብቤ እንደማልፍ አልፌው እሄዳለሁ። አልፎ አልፎ ግን አንድ ገጽ ያስቆመኛል። አንድ ሰው ውሃ ይጠጣል፤ ደራሲው ግን "ጠጣ" አይልም። አንገት ውስጥ የምትኖር፣ ጉልበት የምትመስል ትንሽ አጥንት ወደ ላይ ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ እንደገና ስትወጣ ያሳየኛል፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሰውየው አፍንጫ ሲያዘነብል ያሳየኛል። መጽሐፉን አስቀምጬ እነሣና፣ ጉሮሮዬን በጣቴ ይዤ ውሃ እጠጣለሁ። ድሮ ይሄ የቋንቋ ጌጥ ይመስለኝ ነበር፤ ደራሲው ችሎታውን የሚያሳይበት። ያክስቴን ሰሌዳ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ደራሲው የነገሩን ስም የሚደብቀው ዕቃውን ለባለቤቱ ለመመለስ ነው። ባለቤቱ ደግሞ እኔው ነኝ፤ ጉሮሮዬን ስንት ዓመት ይዤው ስዞር ጠፍቶብኝ ነበር።

የመናኸሪያው ኃላፊ ግን ይጨቀጭቃታል። ክፉ ሰው አይደለም። በሰሌዳው የሚስቅ ቢኖር መጀመሪያ እሱ ነው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ እወደዋለሁ" ይላታል። "ግን ጃንጥላ የጠፋው ሰው የሚፈልገው ጃንጥላ የሚል ጽሑፍ ነው። ተጣድፎ ነው የሚመጣው።"

"ይጣደፍ፣ ማን እግሩን ያዘው?"

"አያገኘውማ!"

"ዕቃውን የሚያውቅ ያገኘዋል።"

"የማያውቀውስ?"

"የማያውቀው ከሆነማ" ትላለች አክስቴ፣ "የሱ አይደለም።"

በዚህ ቃሏ ጸንታ የኖረች ሴት ናት። የተፈተነችውም በዚሁ ቃል ነው።

የብርዱ ወራት ሲገባ መደርደሪያው ሹራብ በሹራብ ይሆናል። አብዛኛው ግራጫ ነው። ከነዚህ አንዱ ከአንድ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተገኝቶ መጣ። አክስቴ ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ስታየው ቆየችና ጠራችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ነይማ። ይሄን እዪው።"

በእጅ የተሠራ ነው። የቀኙ እጅጌ ልክክ ያለ ነው። የግራው ግን እግር ያስገባል። ክሩ አንድ፣ አሠራሩ አንድ፣ የአንድ ሴት እጅ። "መለካት አትችልም እንዳልል ቀኙን አየሁት" አለች አክስቴ። የሰፊው እጅጌ ጫፍ ደግሞ ብዙ ታጥፎ የኖረ ነው፤ የእጥፋቱ መስመር ነጣ ብሎ ይታያል። እየሳቀች እንዲህ ብላ ጻፈች፦

"ሁለት ክንድ አለው፤ አንዱ ከሌላው በጣም ይወፍራል። ባለቤቱም እንደዚያው ከሆነ ይምጣ፣ ልናየው ጓጉተናል።"

ወረቀቱ ወራቱን ሙሉ እዚያው ከረመ። ተሳፋሪ ሁሉ እያነበበ ክንዱን ለካበት። ባለቤት ግን አልመጣም። ወቅቱ ሲያልቅ ጠያቂ ያጣ ልብስ ለፍራሽ ሠሪ ነው የሚሰጠው፤ እዚያ ተበጣጥሶ ፍራሽ ይሞላል። መኪናው የሚመጣው ዓርብ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አንድ ሽማግሌ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ጡረታ የወጡ በያጅ መሆናቸውን በኋላ ነው የነገሩን፤ እጃቸው ላይ ግን የብልጭታ ጠባሳ ስለነበር ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር። ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ አነበቡ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ጮክ ብለው ሳቁ።

"አንድ ክንዱ የወፈረ! ይሄ ሰውዬ ተሸካሚ ነው እንዴ፣ በአንድ እጁ ብቻ የሚሸከም?"

"አባባ፣ እኛን አይንኩን!" አላቸው ከተሸካሚዎቹ አንዱ። "እኛ በሁለቱም ነው የምንከሳው።"

እየሳቁ ገቡ። ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ ግን ሳቃቸው ጠፋ።

"ልጄ፣ ሹራብ ጠፍቶብኝ ነው። እስከዛሬ ልጄ ቤት የተውኩት መስሎኝ እሱን ስጨቀጭቅ ከረምኩ። ለካ አውቶቡስ ላይ ነው።"

"ምን ዓይነት ነው፣ ጋሼ?"

"ግራጫ።"

"ግራጫ የሁሉም ነው። ሌላ ምልክት ይንገሩኝ።"

"ወፍራም ነው፣ ያሞቃል። በእጅ የተሠራ ነው።"

"ቁልፍ አለው?"

"አዎ… አይ። በራስ ነው የሚገባው መሰለኝ። አዎ፣ በራስ ነው።"

"አንገቱስ? ወደ ታች ነው የወረደ፣ ወደ ላይ የቆመ?"

ሽማግሌው እጃቸውን አወናጨፉ። "ሹራብ እኮ ነው! ሹራብ እንደ ሹራብ ነው!"

"የቀዳዳ፣ የስፌት፣ ምንም ምልክት የለውም?"

"ባለቤቴ ናት የሠራችው" አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። "ሚስቴ የሠራችልኝን ልብስ አላውቀውም ልትዪኝ ነው? እሷ ስትሞት ዕቃዋን ልጆቹ ተካፈሉት። ከእጇ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። በላዬ ላይ ነው ያረጀው!"

"አውቃለሁ ጋሼ። ይንገሩኝና አሁኑኑ ላውጣው።"

ባንኮኒውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሊያዩት እንደሚሞክሩ ያስታውቃል። ሲገልጡት ፊታቸው የተለየ ሰው ፊት ሆኖ ነበር።

"አይታየኝም" አሉ ቀስ ብለው። "ለበስኩት እንጂ አላየሁትም ማለት ነው።"

አክስቴ "ነገ ይመለሱ፣ ሌሊቱን ያስቡበት" ብላ ሸኘቻቸው። ዓርብ የሚመጣውን መኪናም አልደበቀቻቸውም።

ገና ከበሩ ሳይወጡ በጣውላው ላይ አንገቴን አሰገግኩ። "ስጫቸው እንጂ! እጅጌው ሰፊ የሆነው የሳቸው ነው፣ ልቤ ነግሮኛል።"

"የኔም ልብ በቦርሳው ጊዜ በእንባ ነግሮኝ ነበር" አለች። "በእጅ የተሠራ ግራጫ ሹራብ እዚህ ስንት አለ? ቢሳሳቱ የሌላ ሰው ሚስት የሠራችውን ወስደው ይለብሳሉ። የሳቸውን ደግሞ ፍራሽ ሠሪው ይበጣጥሰዋል። ያ ይሻላል?"

አንገቴን መልሼ ተቀመጥኩ። እሷም የተረጋጋች አልነበረችም። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ተጣደፈች። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ግን ቆመች።

"ያን ያህል ዓመት ለብሰውት እንዴት አያውቁትም? ሰሌዳው ላይ እኮ አነበቡት! ስቀው አለፉ! የማያውቀው ከሆነ የሱ አይደለም ስል ኖሬ…"

ገብተን በሩን ቆለፈች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደችና ከመንገድ ተመለሰች።

"በሩን ቆልፌዋለሁ?"

"አሁን እኮ ቆለፍሽው።"

"አላስታውስም።"

"አንቺ አታስታውሺ፣ እጅሽ ቆልፎታል" አልኳት። ለቀልድ ነበር ያልኩት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰችና ቁልፉን ሳትነካ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች። ባዶ እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደምትቆልፍ ሆነች። የግራ እጇ ከፍ አለ፤ የሌለውን እጀታ ይዞ ሽቅብ አነሣ፤ ያኔ ነው ቀኙ የዞረው።

"አየሽ!" ብላ ጮኸች። "አነሣሁት! በሩ ስለዘመመ ሽቅብ አነሣዋለሁ። ቁጭ አድርገሽ ስለ በሩ ንገሪኝ ብትዪኝ እኮ መዝመሙን አልነግርሽም ነበር፤ ረስቼዋለሁ!" እየደጋገመች የሌለውን በር አነሣችው። ጎረቤት በመስኮት ቢያያት አብዳለች ይል ነበር።

ሐሙስ ሽማግሌው በጠዋት መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ" አሉ። "የማስታውሰው ፊቷን ነው፤ ሹራቡን አይደለም። ተዪው ልጄ፤ ለፍራሹ ይሁን።"

"ጋሼ፣ ይልበሱት" አለች አክስቴ።

"ምኑን?"

"ሹራቡን። አሁን፣ እዚሁ።"

"አልሰጠሽኝም እኮ!"

"ባዶውን ይልበሱ። ብርድ ነው፣ ሊወጡ ነው፣ ሹራቡ ወንበር ላይ ነው። ያንሡትና ይልበሱ። አያስቡ፤ ማሰቡን ትናንት ሞከርነው።"

ከኋላቸው ተሰልፈው ከነበሩት አንዱ ሳቀ። አክስቴ ቀና አለች። "ቀጥሎ ያለው በር!" አለችው። መጸዳጃ ቤት ፈልጎ አልነበረም፤ ግን ሳቁን አቆመ።

ሽማግሌው አፈሩ። ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ፣ የምትለውን ካላደረጉ እንደማትለቃቸው ስለገባቸው ይመስለኛል፣ ከአየሩ ላይ አንድ ነገር አነሡ። ከጫፉ ሰበሰቡት። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አስገቡ። ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ፣ ቀጥለው ግራውን። ከወገባቸው ወደ ታች ጎተት አደረጉት። ያኔ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ወደ ግራ አንጓቸው ሄዱና አንድ ነገር አጠፉ። ደግመው አጠፉ። ጠበቅ አድርገው ጫን አሉት።

"ይቁሙ!" አለች አክስቴ። "ምን አደረጉ?"

"ምንም አላደረግኩም።"

"እጅዎን ይዩት።"

አዩት። የራሳቸውን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። የቀኙ ጣቶች አሁንም የግራውን አንጓ እንደያዙ ናቸው፤ መካከላቸው ምንም የለም። ቀስ ብለው ለቀቁት፤ ደግመው አጠፉት። አሁን ሆን ብለው ነው፣ በቀስታ፣ እያዩ።

"አጠፍኩት" አሉ። "የግራውን ብቻ። ሰፊ ነው! የግራው ሰፊ ነው!"

"ለምን ሰፊ ሆነ?" አለች አክስቴ፣ መሰላሉን ወደ መደርደሪያው እየሳበች።

"ጄሶ ነበረ። የብረት በር ወድቆብኝ ክንዴ ተሰብሮ ነበር። ብርድ ነው፣ ልብስ ከጄሶው በላይ አልገባ አለኝ፤ ስንቀጠቀጥ አየችኝና ከነጄሶው ለክታ ሠራችው። ጄሶው ሲወጣ 'ስጠኝ፣ እጅጌውን ፈትቼ ላጥብበው' አለች። 'አሁን አውልቄ ሊበርደኝ ነው? ነገ' አልኳት። እየሳቀች አጠፈችልኝ።" ጣቶቻቸውን አዩ። "መጀመሪያ ያጠፈችልኝ እሷ ናት። እንዲህ፣ ሁለቴ፤ ከዚያ ጫን።"

አክስቴ መሰላሉ ላይ ወጥታ ነበር። ሹራቡን አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ግን ወዲያው አላነሡትም። ድንገት አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ወደ ሰሌዳው ወጡ፤ ድምፃቸው ከውጭ ተሰማ።

"እኔ ነኛ! አንድ ክንዱ የወፈረው እኔ ነኝ! ትናንት በራሴ ነው የሳቅኩት!"

ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲመለሱ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር።

ኃላፊው ከደረጃው ላይ ሆኖ ሁሉን ሲያይ ነበር። ወርዶ መጣና አክስቴን "እትዬ፣ ስሙን ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ ትናንት ይወስዱት ነበር" አላት።

"ልክ ነህ" አለችው። መልሷ አስገረመው፤ እኔንም። "ሹራብ ይወስዱ ነበር።"

ኃላፊው ሽማግሌውን አየ።

ሽማግሌው ሹራቡን አነሡ። ከጫፉ ሰበሰቡት፤ አንገታቸውን አስገቡ፤ ቀኙን፣ ቀጥለው ግራውን ሰደዱ። የግራው እጅጌ ወርዶ ጣታቸውን ሸፈነው። ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደዚያው ተነሣ። መንገድ ላይ ቆመ። ተመለሰ።

እጅጌያቸው ተንጠልጥሎ ወጡ። በሩ ላይ ትናንት የቀለደባቸው ተሸካሚ ከጀርባቸው ተጣራ።

"አባባ፣ እጅጌዎ ወርዷል! ሰብሰብ ያድርጉት እንጂ!"

"ተወው ልጄ" አሉት ሳይዞሩ። "ትንሽ ልየው።"